ውሃ የሚቋጥረው ጥግ

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ከወጣ በኋላ፣ አባቴን መፍራት ጀመርኩ። ስለሚማታ አይደለም፤ በኩርኩም እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ሰው ገድሎ ቴኒስ ሜዳው ውስጥ የቀበረ ስለመሰለኝ ነው።

ይህን ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ለሚያውቀው ሰው ብናገር ይስቅብኛል። አባቴ አሳምነው ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር፣ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ከተለዋወጠ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው ነው። እኔ ግን ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ መሃል ላይ የጎደለውን የሚሞላልኝ ስላልነበረ እኔው ሞላሁት።

የምንኖረው አንድ የሠራተኞች ክበብ ግቢ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት ሻይና ለስላሳ የሚሸጥበት አዳራሽ አለ፤ ከአዳራሹ ጀርባ የአፈር ቴኒስ ሜዳው፣ ከሜዳው ጥግ ደግሞ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታችን። በጣም ከመቅረቡ የተነሳ የሳተ ኳስ ቆርቆሯችን ላይ ሲያርፍ እናቴ ገነቴ የያዘችውን ትለቃለች። የአባቴ ሥራ ሜዳውን መጠበቅ ነበር። መጠበቅ ሲባል በር ላይ መቀመጥ የሚመስለው ሰው የአፈር ሜዳ አያውቅም። በጋ ሲሆን ይቦናል፣ ክረምት ሲሆን ይጨቀያል፤ ትንሽ ፊት ከነሱት ሰርዶው በመስመሩ ሥር ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ፍልፈሉም ከታች ይቦረቡረዋል።

አባቴ ፀሐይ ሳይከር ተነስቶ ውሃ ይረጫል። ውሃው ሰርጎ አፈሩ እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው ጆንያ እየጎተተ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ሮሎ ይመጣል። ሮሎ የምንለው ሲሚንቶ የተሞላ አሮጌ በርሜል ነው፤ መሃሉን ብረት ወግቶት ያልፋል፣ ብረቱ ላይ መጎተቻ እንጨት ታስሮበታል። ሲንከባለል ያቃስታል። ቀዩ አፈር ከጃጁራ መንገድ በአህያ ጋሪ ይመጣና በወንፊት ይነፋል። የእናቴ ድርሻ እበቱ ነበር፤ ዝናቡ ሲወጣ ሜዳውን እንደ ቤት ወለል በስሱ ትለቀልቀዋለች፣ ሲደርቅ የተነፋው አፈር ከላይ ይነሰነስበታል፣ ያኔ አቧራው ይታገሣል። የቢሮ ሰዎቹ ነጭ ካልሲያቸውን ስበው ሲሯሯጡ ምን ላይ እንደሚሯሯጡ ያወቁ አይመስለኝም። እናቴ ይህን እያሰበች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ሮሎውን የሚጎትተው ሆሴዕ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር አባቴ ነው ያሳደገው፤ ስለዚህ ለአባቴ ወንድምም ልጅም ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ለእኔ አጎቴ መሆኑ ትዝም አይለኝም ነበር፤ ጓደኛዬ ነበር። ከፍ ያለው የዳኛ ወንበር ላይ ያወጣኝና «ዳኛ» ይለኛል። ሲባጎ ወጥሮ በኖራ መስመር ሲያሰምር «ዳኛ፣ ቀጥ ብሏል?» ብሎ ይጠይቀኛል። «ጠሟል!» ካልኩት ቀጥ ያለውንም አጥፍቶ እንደገና ያሰምርልኛል። አባቴ «ይህችን ልጅ አበላሸሃት» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን አይከለክለውም።

ሜዳው አንድ በሽታ ነበረው። በእኛ ቤት በኩል ያለው ጥግ ውሃ ይቋጥራል። ዝናብ ባረፈ ቁጥር እዚያ ጥግ ሰው ቢጋደምበት የሚበቃ ኩሬ ይቀራል። በዚያ ዓመት ለጥቅምት በከተሞች መካከል ውድድር ተያዘና የክበቡ ኃላፊ አቶ ዳኘ ኩሬውን በጫማው ጫፍ እየነካካ «አሳምነው፣ ይሄ ነገር እንግዶች ፊት ካሳፈረኝ ሌላ ሜዳ ጠባቂ እፈልጋለሁ፤ ቤቱም የሥራው ነው፣ ታውቃለህ» አለው። አባቴ «ገብቶኛል ጌታዬ» አለ። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥጉን ቆፍሮ ማንሳት፣ ከታች ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ ከዚያ ቀዩን አፈር በትንሽ በትንሹ እያጠጡ መደልደል።

የቆፈረው ሆሴዕ ነው። መስከረም ገብቶ ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። እኔ ዳኛ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጉድጓዱ እስከ ጉልበቱ ሲደርስ አየሁ። ጠባብና ረዥም ነበር፤ ኩሬው ጠባብና ረዥም ስለነበር። ሆሴዕ ግን በዚያ ቀን «ዳኛ» አላለኝም። ቀና ይልና ከአጥሩ ማዶ መንገዱን ያያል፣ ከዚያ እንደገና ይቆፍራል።

አመሻሽ ላይ አባቴ አፈር ጭኖ ከጋሪው ጋር መጣ። ሁለቱ ሲነጋገሩ በሀዲይኛ ነው። ቋንቋው አይጠፋኝም፤ ዝግ ብለው ሲያወሩ ግን ከሩቅ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው።

«ጓደኞችህስ?»

«ደርሰዋል።»

«ያልደረሱትስ? ያልደረሱትን ለምን አትቆጥራቸውም?»

ሆሴዕ የመለሰው አልተሰማኝም። ብቻ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «እዚህ ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ስደለድል ልሙት?» ሲል ግን ጮኾ ስለነበር ሰማሁት። አባቴም ጮኸ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ ስለማላውቅ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«ይህን በር ከወጣህ ሞተሃል! ለእኔ ሞተሃል! እዚሁ፣ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሬሃለሁ!»

ዶማውን ይዞ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሆሴዕ ከታች ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ እናቴ እየሮጠች መጥታ ከወንበሩ አውርዳኝ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፣ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የሮሎው ማቃሰት ነው። ወጥቼ ሳይ አባቴ ብቻውን ይጎትታል። ጉድጓዱ የለም። ያ ጥግ ተደፍኖ፣ ተረግጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከሌላው ሜዳ ይልቅ ቀይ ሆኖ ተኝቷል። የአባቴ እጅ እስከ ክርኑ ቀይ ነበር። የሆሴዕ የላስቲክ ቦት ጫማ ጉድጓዱ በነበረበት ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። አባቴ አየኝና ቦቱን አንስቶ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ እጄ የማይደርስበት ቦታ ሰቀለው።

«ሆሴዕስ?» አልኩ።

ወደ ሮሎው ተመለሰ። እናቴ ከበስተኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«አቢጋኤል፣ ስሚኝ። ስሙን እንዳታነሺ። ትምህርት ቤት አታነሺም፣ ደጅ አታነሺም፣ እዚህ ቤት ውስጥም አታነሺም።»

«ለምን?»

«አልኩሽ!»

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው በዚያን ዘመን በከተማችን ስሙ የማይነሳ ሰው ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነው። ወጣት ወንድ ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል፣ ጠዋት የለም። ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በሞያሌ አድርጎ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ። ከዚያ «ደረስኩ» ብሎ እስኪደውል ቤተሰቡ ስሙን አይጠራም፤ ጎረቤት ቢጠይቅ «አዲሎ ዘመድ ጋ ሄዷል» ይባላል። ወሬው ከወጣ መንገዱ ይዘጋል፣ አብረውት ያሉትም ይያዛሉ። ከሁሉ በላይ የሚፈራው የልጅ አፍ ነበር። እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ «ወንድሜ ሞያሌ ደረሰ» ብላ ሦስት ቤት እንዳስለቀሰች እናቴ ኋላ ነግራኛለች። ይህ ሕግ ለትልቁ ሁሉ ግልጽ ስለሆነ ለልጅ ይተረጎምለት ያለ ሰው አልነበረም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የማይጠራ ሰው የሞተ ሰው ነው፣ ያውም በክፉ የሞተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። አባቴ እንደ ልማዱ ቆጮውን በጎመን ጠቅልሎ ሲያጎርሰኝ እጁን አያለሁ፣ ጥፍሩ ሥር ቀይ አፈር አለ፣ አንገቴን አዞራለሁ። «ምን ሆነች ይህች ልጅ?» ይላል። እናቴ «ወስፋት ይሆናል» ትልና መድኃኒት ታጠጣኛለች።

ለማንም መንገር አልችልም። አንድ ቀን ብቻ ለሃቢባ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። ሃቢባ ከክበቡ በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የጋሽ ፈትሁዲን ልጅ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ሁሉን ታውቃለች ብዬ አምን ነበር።

«ሰው ሲቀበር አፈሩ እንዴት ይሆናል?»

«መጀመሪያ ከፍ ይላል» አለች፣ ከረሜላዋን በጉንጯ እያዞረች። «ዝናብ ሲዘንብበት ይሰምጣል። አያቴ ላይ አይቻለሁ።»

በዚያው ሳምንት ዘነበ። ትምህርት ቤት ሆኜ ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ የማስበው ያንን ጥግ ነበር። እየሮጥኩ መጣሁ። ጥጉ ሰምጧል። ብዙ አይደለም፤ ስስ ውሃ ተኝቶበታል፣ በሰው ቁመት ልክ። ደብተሬ ጭቃ ላይ ወደቀ። ቁጭ ብዬ አስመለሰኝ። አባቴ በአንድ ሌሊት፣ ሳያረጋ የደለደለው አፈር ዝናብ ሲወርድበት ዝቅ ማለቱ የማይቀር መሆኑን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን ሃቢባ ልክ ነበረች።

ከዚያም አባቴ ጥጉን አልለቅ አለ። አመሻሽ ላይ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሄዶ እዚያ ላይ ይቆማል። ሌላ ቦታ አይቆምም፤ እዚያው። ኮቱን ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ዝናብ ሲያካፋም ይቆማል። በመስኮቱ ስንጥቅ ጀርባውን አየዋለሁ። አንዳንዴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይቅርታ እየጠየቀው ነው እል ነበር፤ አለዚያም እንዳይነሳ እየጠበቀው።

ኪሱ ውስጥ የነበረው ሞባይል ነው። ያገለገለ ሞባይል ከጋሽ ፈትሁዲን ሱቅ ገዝቶ ነበር፤ ልጅ ያወራል ተብሎ ስልክ እንዳለን እንኳ አልተነገረኝም። በግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው ያ ጥግ ብቻ ነበር።

አክስቴ ትርፊት ከዱራሜ መጣች። እናቴና እሷ ሲሆኑ ከምባትኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ በአማርኛና በሀዲይኛ ስላደግኩ ከከምባትኛው የማነሳው እፍኝ ቃል ነው። ምድጃው አጠገብ ተደጋግፈው ሲያወሩ የሆሴዕን ስም ሰማሁ፣ «ውሃ» የሚለውን ሰማሁ፣ «ልጆች» የሚለውን ሰማሁ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ የጸሎት ቡድኑ እናቶች መጥተው በራችን ተዘግቶ ጸለዩ። አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «ጌታ ሆይ፣ ከሰው ዓይን ሰውረው! ማንም አያግኘው!» አለች። ሌሎቹ «አሜን፣ አሜን» አሉ። እናቴ ከሁሉም በላይ ጮኻ «አሜን» አለች። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ጣቴን ነከስኩ። እናቴም ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያውቃል። ሬሳው እንዳይገኝ ጌታን እየለመኑት ነው።

ወደ ጥቅምት ስንጠጋ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህኛው ከሁሉ የባሰ ነበር። ሆሴዕ ባይሞትስ? ያኔ ገና በሕይወት እያለ ሸፍኖት ቢሆንስ? በየጠዋቱ ሮሎው እዚያ ጥግ ላይ ሲደርስ የሚያቃስተው በርሜሉ ነው ወይስ ሌላ? ጆሮዬን በጣቴ እደፍናለሁ፤ ግን ይሰማኛል።

ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው እሑድ ነበር። ሜዳው አምሮበታል። እበቱ ደርቆ፣ አፈሩ ተነስንሶ፣ መረቡ ተወጥሮ፣ የሚቀረው ኖራው ብቻ ነው። ሆዴን አመመኝ ብዬ ከቸርች ቀረሁ። ወላጆቼ ወጡ። ግቢው ጭር ሲል የእናቴን የጎመን መክተፊያ ቢላ አነሳሁና ወደ ጥጉ ሄድኩ።

አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቢላውን በሁለት እጄ ይዤ ወጋሁት፣ ጫርኩት፣ በጥፍሬ ፈነቀልኩት። እያለቀስኩ ነበር። ጆሮዬን መሬቱ ላይ አስደግፌ «ሆሴዕ! እኔ ነኝ፣ ዳኛው!» አልኩት። ድው፣ ድው የሚል ነገር ሰማሁ። የገዛ ልቤ መሆኑን ማን ይንገረኝ? «መጣሁ! መጣሁ! ትንሽ ታገሥ!» እያልኩ ባሰብኝ።

ጥላ አረፈብኝ።

ቀና አልኩ። አባቴ ነው። የቸርች ኮቱን ለብሷል። ስልኩን ቤት ረስቶ ሊወስድ እንደተመለሰ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያየሁት ፊቱን አይደለም፣ እጁን ነው። ትልቅ እጅ ነው። ሽንቴ አመለጠኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አባባ፣ እባክህ አትግደለኝ።»

በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ቢላውን አየ፣ የተቦደሰውን ሜዳ አየ፣ እኔን አየ። ጎንበስ ሲል ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ያን ጊዜ ቆመ።

«ማንን ነው እኔ የገደልኩት፣ ልጄ?»

ስሙ አይነሳም ተብያለሁ። በጣቴ መሬቱን አሳየሁት።

አባቴ የቸርች ሱሪውን ሳይሰበስብ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። ሄዷል ቢለኝ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። ግን የሰው ሕይወት በእኔ አፍ ላይ ሊያስቀምጥ አልቻለም፤ ደግሞም ከጓደኛ ጓደኛ የመጣው የመጨረሻ ወሬ ሐይቅ ሊሻገሩ ነው የሚል ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ካለ ሰንብቷል። ይህን ለራሱ እንኳ ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

ተነሳ። ኮቱን አውልቆ መረቡ ላይ ሰቀለ። ከዕቃ ቤቱ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ፤ እኔ ሳየው ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ያን ለሳምንታት የደከመበትን ጥግ መቆፈር ጀመረ።

ቀዩን አፈር ገልብጦ ወደ ጎን ጣለው። አሸዋው መጣ። አሸዋውን አወጣ። ጠጠሩን ዛቀ። ትልልቆቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሳ ሜዳው ላይ፣ እናቴ በለቀለቀችው ላይ፣ ይወረውራቸው ጀመር። ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያወጣ ከታች ያልተነካው ጥቁር አፈር ታየ። አባቴ በብብቴ ሥር ይዞ አነሳኝና ጉድጓዱ ውስጥ አቆመኝ።

«እይ። አለ?»

«የለም።»

«በእጅሽ ንኪው።»

ተንበርክኬ ነካሁት። ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር፤ የሥር ክር እንኳ አልተበጠሰበትም። በስተግራ ነካሁ፣ በስተቀኝ ነካሁ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ሳቄ መጣ። «የለም! አባባ፣ የለም እኮ!» እያልኩ መዝለል ጀመርኩ።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። «የለም» አለ እሱም። ደገመው። «የለም።» ከዚያ ትልልቅ እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ ለምን እንደሚያለቅስ ፈጽሞ አልገባኝም። ትከሻውን መታ መታ እያደረግኩ «አታልቅስ አባባ፣ የለም እኮ፣ አየሁት፣ የለም» እለው ነበር።

በማግስቱ አቶ ዳኘ መጥቶ ጉድጓዱንና የተቆለለውን ድንጋይ ሲያይ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። አባቴ «ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ መነሳት ነበረበት» ብቻ አለው። ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ከቤቱ ያስወጡናል ብላ እናቴ ዕቃ መጠቅለል ጀምራ ነበር፤ ግን ያን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አልተገኘም መሰለኝ፣ በማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ አባቴም ጥጉን መልሶ ደፈነው።

ሆሴዕ አልደወለም። አንዳንዱ ማላዊ እስር ቤት አይቼዋለሁ አለ፣ አንዳንዱ ሐይቁን ሊሻገር በተነሳው ጀልባ ላይ አልነበረም አለ፣ አንዱ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቷል ብሎ እናቴን ለወራት በደስታ አሳበዳት። ሬሳ ስለሌለ ልቅሶ አልተቀመጥንለትም። ሽማግሌዎች መጥተው «አሳምነው፣ እርምህን አውጣ» ሲሉት «ምን አይቼ?» ብሎ መለሳቸው። እኔ አድጌ፣ መምህርት ሆኜ፣ እዚያው ከተማ ማስተማር ጀመርኩ። ክበቡ ተዳከመ፤ የቢሮ ሰዎቹም ቴኒሱን ተዉት። አባቴ ግን ጡረታ ከወጣም በኋላ ሜዳውን አልተወም። መስመር ያሰምራል፣ የሚጫወትበት ሰው የለም። እናቴ ስታርፍ እንኳ ከሐዘኑ ማግስት ውሃ ሲረጭ አገኘሁት።

ባለፈው ዓመት ደም ግፊቱ ጣለው። ተነስቷል፣ ይራመዳል፤ ነገሩ ግን ተቀላቅሎበታል። እኔን አንዳንዴ በእናቴ ስም ይጠራኛል።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ላየው ሄድኩ። ክንዴን ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ወደ ጥጉ ስንጠጋ ቆመና ያዝ አደረገኝ።

«ቀስ ብለሽ ርገጪ።»

«ለምን አባባ?»

ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ አፉን ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ በሹክሹክታ «ሆሴዕ ተኝቷል» አለኝ።

ያ የልጅነቴ ፍርሃት ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ትልቅ ሴት ነኝ፣ ልጆች አስተምራለሁ፤ እግሬን ግን ከጥጉ መለስኩ።

«ማን... ማን አስተኛው?»

«እኔ ነኛ። ያን ዕለት፣ ሲዘንብ። በእጄ ነው የቀበርኩት። ድንጋይ አልጫንኩበትም፣ አሸዋ ነው ያለበስኩት፣ እንዳይከብደው።» ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ስሙን አታንሺ። ልጅቷ ትሰማለች።»

ፊቱን አየሁት። ያን ፊት ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ስልክ ሲጠራ የሚደነግጥ፣ በር ሲንኳኳ የሚጠወልግ ፊት ነው። አሁን አርፏል። ወንድሙ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

አካፋው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከጣሪያው ሥር የሆሴዕ ቦት ጫማ ዛሬም ተሰቅሏል። አባቴ ለእኔ ሲል ያን ጥግ ገልብጦ «የለም» ብሎ አሳይቶኛል፤ እኔም ለእሱ ቆፍሬ ላሳየው እችል ነበር። አካፋውን አየሁት። አላነሳሁትም።

ውሃ ቀድቼ መጣሁና ጥጉን በስሱ ረጨሁት። «ይበቃዋል» አለ፣ እንደ ድሮው። አፈሩ ውሃውን እስኪጠጣ ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። ከዚያ የሮሎውን እንጨት አብረን ያዝን፤ እሱ አቅም ስለሌለው የምጎትተው እኔ ነበርኩ። በርሜሉ እያቃሰተ ተከተለን። እዚያ ጥግ ስንደርስ አባቴ እጁን እጄ ላይ ጫን አድርጎ «ቀስ» አለኝ።

ቀስ አልኩ።